የቃል ኪዳን ቀለበትና የአልማዝ ዋጋ

ቀለበት በመጠኑ ትንሽ፣ በምስክርነቱ ግን ታላቅ የሆነ ጌጥ ነው። ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን ቆመው ሥርዓተ ተክሊል ሲፈጸምላቸው ካህኑ በቀለበቱ ላይ ጸልዮ ይባርከዋል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ቀለበት ከአንጥረኛ እጅ የወጣ ወርቅ ብቻ መሆኑ ይቀርና የቃል ኪዳን ምስክር ይሆናል። ክብ በመሆኑ መጀመሪያውና መጨረሻው አይለይም፤ ይህም ፍቅራቸው ማለቂያ የሌለው እንዲሆን ያሳስባቸዋል። ወርቅም በእሳት ተፈትኖ የሚጠራ ነውና በመከራ ጊዜ የሚጸና ታማኝነትን ያመለክታል።

በዘመናችን ግን ይህን ምስክር የሚነካ አንድ ልማድ እየተስፋፋ መጥቶአል። ይኸውም ባልና ሚስት ዐሥር ወይም ሃያ ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ የቀድሞው ቀለበት አነሰን ብለው፣ ፈርጡ በተለቀ የአልማዝ ቀለበት ለመለወጥ ወደ ጌጣጌጥ መደብር መሄዳቸው ነው። ልማዱ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ የጸና ነው፤ በዚያ የሚኖሩ የእኛ ምእመናንም በጎረቤቶቻቸውና በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ በየጊዜው ያዩታል። እንግዲህ «ይህን ማድረግ ለክርስቲያን ይገባልን?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገሩ ብዙ ገንዘብን፣ አንዳንድ ጊዜም የቤትን ሰላም የሚመለከት ስለ ሆነ ከሥሩ ጀምረን ብንመረምረው መልካም ይሆናል።

1ኛ. ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ጌጥ ምን ያስተምሩናል?

ጌጥን ሁሉ ኀጢአት አድርጎ መቍጠር የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት አይደለም። የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ የወርቅ ጌጥ ሰጥቶአታል (ዘፍ. 24፥22)። ፈርዖን ዮሴፍን በሾመው ጊዜ ቀለበቱን ከእጁ አውልቆ አጥልቆለታል (ዘፍ. 41፥42)። ጠፍቶ የነበረው ልጅ ወደ አባቱ ቤት በተመለሰ ጊዜም በጣቱ ቀለበት ተደርጎለታል (ሉቃ. 15፥22)። ወንጌላዊው ግን የዚያ ቀለበት ፈርጥ ምን እንደ ነበረ፣ ዋጋውም ምን ያህል እንደ ሆነ አልነገረንም፤ ለዚያ ልጅ የተመለሰለት ልጅነቱ እንጂ ወርቁ አልነበረምና።

ጌጥ በራሱ ክፉም በጎም እንዳይደለ ከመጽሐፈ አስቴር በግልጥ እንማራለን። ንጉሡ አርጤክስስ ቀለበቱን ለሐማ በሰጠ ጊዜ የሞት ዐዋጅ ታተመበት (አስ. 3፥10)፤ ያንኑ ቀለበት ለመርዶክዮስ በሰጠ ጊዜ ደግሞ የሕይወት ዐዋጅ ታተመበት (አስ. 8፥2)። ቀለበቱ አንድ ነው፤ ያጠለቀው ሰው ልብ ግን የተለያየ ነው። እስራኤልም በምድረ በዳ ጌጣቸውን ሰጥተው የጥጃ ምስል አሠሩ (ዘፀ. 32)፤ ኋላም ጌጣቸውን ለደብተራ ኦሪት ሥራ አመጡ (ዘፀ. 35፥22)። ስለዚህ ሐዋርያው ጴጥሮስ ሴቶችን ስለ ውጭ ሽልማት ሲመክር (1ጴጥ. 3፥3-4) ጌጡ የልብን ውበት እንዳይተካ ማስጠንቀቁ እንደ ሆነ እናስተውላለን።

2ኛ. አልማዝ ምንድን ነው? ልማዱስ ከወዴት መጣ?

አልማዝ በባሕርዩ የከሰል ዘመድ ነው። ቡና የምናፈላበት ከሰል አብዛኛው አካሉ ካርቦን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ አልማዝም ያው ካርቦን ሲሆን፣ ከምድር በታች ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት በታላቅ ሙቀትና ግፊት የተሠራ ነው። በጥንካሬው ከታወቁት የተፈጥሮ ማዕድናት ሁሉ ይበልጣል፤ ሆኖም የማይጠፋ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1772 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ላቩዋዝዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ የፀሐይን ጨረር በመስተዋት ሰብስቦ አልማዝን ባቃጠለ ጊዜ፣ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣው ዐይነት አየር እንደሚወጣው አሳይቶአል።

በአውሮጳ ታሪክ የአልማዝ ቀለበት ለእጮኛ ስለ መስጠት በብዙ የሚጠቀሰው ምሳሌ፣ የኦስትሪያው መስፍን ማክሲሚልያን በ1477 ዓ.ም. ለቡርጎኝ ልዕልት ለማርያም የሰጣት ቀለበት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ለብዙ ዘመን የመሳፍንት ብቻ ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ ብዙ አልማዝ ተገኘ፤ በ1888 ዓ.ም. ደ ቢርስ የተባለው ማኅበር ተቋቁሞ ድንጋዩ በገበያ እንዳይበዛና ዋጋው እንዳይረክስ አብዛኛውን ንግድ በእጁ ያዘ። ይኸው ማኅበር በ1940ዎቹ መጨረሻ አልማዝ ዘለዓለማዊ ነው የሚል ማስታወቂያ በአሜሪካ አሠራጨ። በ1960ዎቹም ብዙ ትናንሽ አልማዞች ለገበያ በቀረቡ ጊዜ፣ በጋብቻ ዓመታት ለቈዩ ሰዎች የሚሆን፣ ዙሪያውን በትናንሽ ፈርጦች የተከበበ ቀለበት በማስታወቂያ አስፋፋ። በ1980ዎቹ ደግሞ ባል የሚሆን ሰው ለቀለበት የሁለት ወር ደመወዙን ማውጣት ይገባዋል የሚል መልእክት ያስነግር ነበር።

ይህን ማንሣታችን ነጋዴን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነጋዴ ዕቃውን ማመስገኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምእመናን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። «ፍቅር ከዓመት ወደ ዓመት ሲያድግ ፈርጡም አብሮ ማደግ አለበት» የሚለው ሐሳብ ከነጋዴ ማስታወቂያ የተገኘ እንጂ ከአባቶች ሥርዓት የተቀበልነው አይደለም። ስለ ሆነም አልማዝ ያላጠለቀች ሚስት የጐደለባት ክብር የለም፤ ያልገዛላት ባልም የፍቅር ዕዳ አለበት አይባልም።

3ኛ. ለመግዛት የሚወድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

ካራት የሚለው ቃል በሁለት መንገድ ስለሚነገር ገዢውን እንዳያሳስተው ያስፈልጋል። በወርቅ ቤት 18 ካራት ወይም 21 ካራት ሲባል የወርቁን ጥራት ይገልጻል፤ ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነውና። ስለ አልማዝ ሲነገር ግን ካራት ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። በመልካም የተቀረጸ ክብ የአንድ ካራት አልማዝ ከዳር እስከ ዳር 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሁለት ካራቱ 8.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ እጥፍ ቢሆንም ለዐይን የሚታየው ጭማሪ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዋጋው ግን በክብደቱ ልክ አይሄድም፤ ትልቅ ድንጋይ ከትንሽ ይልቅ ብርቅ ነውና፣ በሌላው ነገር ሁሉ የተካከሉ ቢሆኑ የሁለት ካራቱ ዋጋ ከአንድ ካራቱ እጥፍ ይበልጣል።

አልማዝ የሚመዘንባቸው ነገሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም ክብደት፣ አቀራረጽ፣ ቀለምና ጥራት ናቸው። ከእነዚህም ብርሃኑን በይበልጥ የሚሰጠው አቀራረጹ ነው፤ በሚገባ የተቀረጸ ትንሽ ፈርጥ በክፉ ከተቀረጸ ትልቅ ፈርጥ ይልቅ ያበራል። ይህስ ለጋብቻም ምሳሌ አይሆንምን?

አንዳንድ መደብሮች አሮጌውን አልማዝ ተቀብለው የተገዛበትን ዋጋ ከአዲሱ ሒሳብ ላይ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አዲሱ የአሮጌውን እጥፍ የሚያወጣ እንዲሆን ይጠይቃሉ። እንዲህ ሲሆን ቅናሽ የመሰለው ነገር ለበለጠ ወጪ በር ይከፍታል። ወደ ሌላ ገበያ ወስዶ የሚሸጥ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከገዛበት እጅግ ያነሰ ዋጋ ያገኛል። ስለዚህ አልማዝን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ቈጥሮ መግዛት ማስተዋል የጐደለው ነው።

ደግሞም በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ አልማዝ በሰው እጅ መሠራት ጀምሮአል። ዛሬ እንዲህ ያለው አልማዝ ለጌጥ በብዛት የሚሸጥ ሲሆን፣ ዋጋው ከምድር ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው፤ በዐይን ብቻ አይቶ መለየትም አይቻልም። ይህን መግዛት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ባል ለሚስቱ እውነቱን ይንገራት። የቃል ኪዳን ምልክት በሐሰት ሊጀመር አይገባውምና።

ከምድር የሚወጣውን የሚገዛም ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ። ከ1991 እስከ 2002 ዓ.ም. በሴራ ሊዮን በነበረው ጦርነት ዐማፅያን አልማዝ እየሸጡ መሣሪያ ይገዙ ነበር፤ ብዙ ንጹሓንም እጃቸው ተቈርጦአል። እንዲህ ያለውን ንግድ ለማገድ የኪምበርሊ የምስክር ወረቀት ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የወንድም እጅ የተቈረጠበትን ድንጋይ በእጃችን እንዳናጠልቅ መጠንቀቅ ከክርስቲያን ሁሉ የሚጠበቅ ነው።

4ኛ. ባልና ሚስት ራሳቸውን ይጠይቁ

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ምክንያቱ ነው። በድህነት ተጋብተው፣ በብር ወይም በውሰት ቀለበት ሠርጋቸውን የፈጸሙ ብዙዎች አሉ። እግዚአብሔር ሥራቸውን ባርኮላቸው፣ ባል የሚስቱን ድካም አስቦ ሊያመሰግናት ቢወድ፣ ይህ የምስጋና ስጦታ ነው እንጂ ትዕቢት አይባልም። ነገር ግን በሠርግ ቤት ወይም በማኅበር የሌላይቱ ጣት ሲያብለጨልጭ አይታ የራስዋን እጅ ከነጠላዋ በታች የምትሸሽግ እኅት፣ ትልቅ ፈርጥ ብታገኝም ዕረፍት አታገኝም፤ ከእርስዋ የሚበልጥ ፈርጥ ያጠለቀች ሌላ ሴት ሁልጊዜ ትኖራለችና። ሀብቱን በሚስቱ ጣት ለማሳየት የሚገዛ ባልም እንዲሁ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን፣ በክፉ ቃል ወይም በመለየት ያቈሰለውን ልብ በድንጋይ ለመሸፈን የሚገዛ ሰው ነው። ዕርቅ የሚፈጸመው በንስሐና በይቅርታ ነው። ስጦታው ከዕርቅ በኋላ ቢመጣ ፍቅርን ያጸናል፤ ከዕርቅ በፊት ቢመጣ ግን መደለያ ይሆናል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የኤፌሶንን መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ሲተረጕም፣ ባል ከሁሉ ነገር ይልቅ የሚስቱን ፍቅር እንደሚያስበልጥ በአንደበቱ እንዲነግራት ይመክራል። ይህ ቃል በወርቅ ቤት አይሸጥም፤ ስንቱ ባል ግን አልማዙን ገዝቶ ቃሉን ረስቶአል!

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ስምምነት ነው። አንዱ ሳይወድ፣ ክርክር ፈርቶ ዝም ቢል፣ ዝምታው ፈቃድ ሆኖ አይቈጠር። ሦስተኛው ስለ ዕዳ ነው። ወለድ እየተከፈለበት የሚጠለቅ ቀለበት በጣት ላይ ቢያበራም በቤት ላይ ጨለማ ያመጣል። አራተኛው ስለ ሌሎች ድርሻ ነው። ዐሥራቱ ወጥቶአልን? የልጆች ትምህርት ተሟልቶአልን? በአገር ቤት እጅ እጃችንን የሚያዩ ወላጆች ታስበዋልን? ለእነዚህ ሁሉ በንጹሕ ልብ «አዎን» ብለው የሚመልሱ ባልና ሚስት ቢገዙ የሚከለክላቸው የለም፤ መመለስ ያልቻሉት ግን ቢቈዩ ይሻላቸዋል።

5ኛ. የቀድሞው ቀለበት ምን ይሁን?

ነቢዩ ሚልክያስ እግዚአብሔር በሰውና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክር እንደ ሆነ ያስተምራል (ሚል. 2፥14)። ያ የተባረከ ቀለበትም የዚህ ምስክርነት መታሰቢያ ነው። የማተባችንን ክር ስንት ያወጣል ብለን አንጠይቅም፤ ከሐር ቢሆን ከጥጥ፣ ክብሩ ክርስትናችንን መመስከሩ ነው። ቀለበቱንም በዚሁ ዐይን ልንመለከተው ይገባናል። ጭረቱና መሳሳቱ እንኳ አብሮ የተቀበለውን ድካም ይናገራል፤ ሊጥ ያቦካችበት፣ ሕፃን ያጠበችበት፣ የታመመ ባልዋን የደገፈችበት እጅ ላይ ኖሮአልና።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ የቀድሞው ቀለበት ለነጋዴ በለውጥ አይሰጥ። ጣት ወፍሮ ቢጠብ አንጥረኛ ሊያሰፋው ይችላል፤ ቢሳሳም ይጠግነዋል። ፈርጥ መጨመር የሚወዱ በዚያው ወርቅ ላይ ማስገጠም ይችሉ እንደ ሆነ ይጠይቁ። አዲስ የሚገዙም አዲሱን እንደ ጌጥ፣ አሮጌውን እንደ ቃል ኪዳን ይያዙት፤ በኋላ ለልጃቸው ጋብቻ ቢያወርሱት የወላጆቹን ታማኝነት ከወርቁ ጋራ ይቀበላል። በችግር ምክንያት መሸጥ የግድ ቢሆንባቸው ግን፣ ልጆችን ለማብላት የተሸጠ ቀለበት ቃል ኪዳኑን አላፈረሰም፤ እንዲያውም ፈጽሞታል።

ካህናት አባቶቻችንም አዲስ ቀለበት ይዞ ጸሎት የሚለምን ልጅ ወደ እነርሱ ሲመጣ፣ አስቀድመው ስለ አሮጌው ቢጠይቁት ለትምህርት መልካም በር ይሆንላቸዋል። ቀለበት ቢለወጥም ተክሊል የማይደገም መሆኑን፣ ሁለቱን አንድ ያደረገ ጸጋም በአዲስ ፈርጥ እንደማይጨምርና በአሮጌውም እንደማያንስ ያስረዱት።

አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ብለው ይተርታሉ። ሃያ ዓመት ትዕግሥትንና ታማኝነትን የሰጠች ሚስት፣ ወይም እንዲሁ የሰጠ ባል፣ ያበደሩት ወርቅ ነው። በፍቅር ፈንታ ድንጋይ ብቻ ቢመለስላቸው፣ ድንጋዩ አልማዝ ቢሆን እንኳ ያው ጠጠር ነው። ፍቅሩ ካለ ግን የብር ቀለበትም ይበቃል።

በቃል ኪዳናቸው የጸኑትን እስከ ፍጻሜ ይጠብቅልን፤ የላላባቸውንም ወደ ቀድሞ ፍቅራቸው ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።