ዲናር፦ ከገዢ ምስል እስከ ዘካ ሚዛን



በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 75 «ዲናር» የሚለውን ቃል እናነባለን። የቃሉ ሥር «ዴናሪየስ» የተባለው የሮማውያን የብር ሳንቲም ነው።

ሮማውያን በዚህ ሳንቲም ለወታደር ደመወዝ ይከፍሉ፣ ከገበያ ዕቃ ይሸምቱ ነበር። ለገዢዎች ደግሞ አዋጅ ነጋሪ ነበር፤ መልካቸውንና ማዕረጋቸውን ሩቅ አገር ድረስ በየሰዉ እጅ ያደርስላቸዋል። ዩልዮስ ቄሳር ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ44 በሕይወት ሳለ ምስሉን አስቀርጾበታል።

ምስል ግን ለሚዛን ዋስ አይሆንም። ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 የብሩን መጠን ቀነሰ። ተከታዮቹም መዳብ እየጨመሩበት ሄደው፣ በ270 አካባቢ የሮም የብር ገንዘብ ላዩ ብቻ የነጣ መዳብ ሆነ። ዋጋም ናረ።

ቀደምት ሙስሊሞችም የምሥራቅ ሮም ነገሥታት ምስል ባለበት የወርቅ ገንዘብ ይገበያዩ ነበር። በ77 ዓመተ ሂጅራ ግን ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ምስል የሌለበት፣ የተውሒድ ቃል የተጻፈበት ዲናር አስቀረጹ። ክብደቱ 4.25 ግራም ያህል ነበር። ዛሬ የወርቅ ዘካ ኒሷብ 85 ግራም ነው የሚባለውም ሃያ ዲናር በዚሁ ክብደት ሲሰላ ነው።

የነገሥታቱ መልክ ሙዚየም ገባ፤ የታመነው ሚዛን ግን እስካሁን ያገለግለናል። እኛስ በንግዳችንም በፈተናችንም ሚዛናችን እንዴት ነው? አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን።