«ዋግን ይቋቋማል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአዳማ፣ በሞጆና በዝዋይ ዙሪያ ስንዴ የምታመርቱ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ በ2003 ዓ.ም. ኩብሳ በቢጫ ዋግ ሲመታ ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ነበር፤ እውነትም ተቋቋመ። በ2006 ዓ.ም. ግን በአርሲና በባሌ ሌላ በሽታ፣ የግንድ ዋግ፣ ጎዳው። ታዲያ ተመራማሪው ዋሸ? አልዋሸም። ዝርያው የተፈተነው በጊዜው በነበረው ዋግ ነው፤ የዋግ ብናኝ በነፋስ ይመጣል፣ ዓይነቱም ይለወጣል። «ይቋቋማል» የተባለውን «ምንጊዜም ይቋቋማል» አድርገን ያስተላለፍን እኛ ባለሙያዎችም አለንበት።

አዲስ ዝርያ ሲቀርብላችሁ «የትኛውን ዋግ? መቼ የተፈተነ?» በሉ። ማሳችሁን በሙሉ በአንድ ዝርያ አትሸፍኑ። በየሳምንቱ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ግንዱንም እዩ፤ ቀላ ያለ ቡናማ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ በዚያው ቀን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ንገሩ።