የዳግም ሽያጭ የታይምሼር ሳምንትና ወደ ነጥብ የመለወጥ መብት፦ የውልና የዋጋ ትንተና

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት በአሜሪካ የዕረፍት ቤት ገበያ ከግለሰብ ባለቤት በዳግም ሽያጭ የተገዛ የታይምሼር ሳምንት ወደ ነጥብ ሥርዓት ሲለወጥ የሚነሡትን የውልና የዋጋ ጥያቄዎች ይመረምራል። መከራከሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የመለወጥ መብት ከሳምንቱ ባለቤትነት ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይተላለፍም። ሁለተኛ፣ የገዢውን ሸክም በዋናነት የሚወስነው የግዢው ዋጋ ሳይሆን በየዓመቱ የሚከፈለው የጥገና ክፍያ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ታይምሼር የአንድ ዕረፍት ቤት አገልግሎት በጊዜ ተከፋፍሎ ለብዙ ባለመብቶች የሚሸጥበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው ኮንዶሚኒየም አንድን ሕንፃ ወደ ቤቶች ይከፋፍላል፤ ታይምሼር ደግሞ አንዱን ቤት ወደ ሳምንታት ይከፋፍላል። አሠራሩ በ1960ዎቹ በአውሮፓ ተጀምሮ በተከተሉት ዓመታት በአሜሪካ፣ በተለይም በፍሎሪዳ፣ ተስፋፋ።

የመጀመሪያዎቹ ውሎች ገዢውን ከአንድ ቦታና ከአንድ ወቅት ጋር ያስሩ ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል ባለቤቶች ሳምንታቸውን እርስ በርስ የሚለዋወጡባቸው ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ከእነዚህም አርሲአይ በ1974፣ ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል በ1976 ተመሠረቱ። ቀጥሎ የመጣው የነጥብ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ባለመብቱ በየዓመቱ የተወሰነ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡንም እንደ ቦታው፣ እንደ ወቅቱና እንደ ክፍሉ ስፋት ለተለያዩ ማረፊያዎች ያውለዋል። ሦስት ሌሊት ብቻ ለማደርም ሆነ በሌላ ከተማ ለማረፍ ስለሚያስችል፣ የሳምንት ባለቤቶች ወደ ነጥብ ለመግባት መፈለጋቸው የሚጠበቅ ነው።

2. የዳግም ሽያጭ ዋጋ ዝቅ የሚልበት ምክንያት

አልሚው ኩባንያ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዋጋ የማስታወቂያ፣ የሽያጭ ሠራተኞችና ለጎብኚዎች የሚሰጡ ማበረታቻዎችን ወጪ ያካትታል። እነዚህ ወጪዎች ለሁለተኛው ገዢ ምንም ጥቅም ስለማይሰጡ በዳግም ሽያጭ ዋጋ ውስጥ አይንጸባረቁም። በተጨማሪም ብዙዎቹ የአሜሪካ ውሎች ማብቂያ ዓመት የላቸውም። ባለቤቱ ቢጠቀምም ባይጠቀምም የጥገናውን ክፍያ የመክፈል ግዴታ አለበት። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ወይም መጓዝ ያቆመ ባለቤት ከግዴታው ለመላቀቅ ሲል ሳምንቱን በጥቂት ገንዘብ፣ አንዳንዴም በነጻ፣ ለማስተላለፍ ይነሣል። ርካሽነቱ እንግዲህ ለገዢው የተሰጠ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ከእጅ ወደ እጅ የመተላለፉ ምልክትም ነው።

አንዳንድ አልሚዎች የቀዳሚነት መብት አላቸው። ሻጭና ገዢ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ኩባንያው በዚያው ዋጋ ሳምንቱን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። በመሆኑም ከገበያው እጅግ ያነሰ ዋጋ የተስማማ ገዢ ግዢው እስኪጸድቅ ድረስ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

3. የመለወጥ መብት ማንን ይከተላል?

የባለቤትነት ሰነዱ የሚያረጋግጠው ቤቱን በተወሰነው ሳምንት የመጠቀም መብትን ነው። የነጥብ አባልነት ግን ብዙውን ጊዜ በኩባንያውና በአባሉ መካከል የሚደረግ የተለየ ውል ነው። የሰነዱ መተላለፍ ይህን ሁለተኛ ውል አብሮ ማስተላለፉ በእያንዳንዱ ሥርዓት ደንብ ይወሰናል። ሦስት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የማሪዮት ዕረፍት ክበብ ነው። ኩባንያው በሰኔ 2010 የነጥብ ሥርዓቱን ሲጀምር፣ ነባር ባለቤቶች ሰነዳቸውን እንደያዙ ሳምንታቸውን እንዲያስመዘግቡና በየዓመቱ ከሳምንትና ከነጥብ አንዱን እንዲመርጡ ፈቀደ። ከሰኔ 20 ቀን 2010 በኋላ ከኩባንያው ውጭ የተገዙ ሳምንታት ግን በመደበኛው አሠራር እንዳይመዘገቡ ተደረገ። ለእነዚህ በሩ የሚከፈተው ባለቤቱ ከኩባንያው አዲስ ነጥብ እንዲገዛ በሚጠይቁ ጊዜያዊ ቅናሾችና ግብዣዎች ነው።

ሁለተኛው ቀድሞ የስታርዉድ ይዞታ የነበረው የቪስታና ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ማረፊያዎች በሁለት ይከፈላሉ። በአሪዞና ስኮትስዴል እንደሚገኘው ኪርላንድ ባሉት ማረፊያዎች የነጥብ አባልነቱ ከሰነዱ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ለሁለተኛው ገዢ ይተላለፋል። በሌሎቹ ግን ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር ይቋረጣል። በአንድ ኩባንያ ስም የሚጠሩ ሁለት ሳምንታት በዳግም ሽያጭ ገበያ የተለያየ ዋጋ ከሚይዙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛው የዲዝኒ ዕረፍት ክበብ ነው። ይህ ክበብ ከ1991 ጀምሮ በነጥብ የሚሠራ በመሆኑ ልወጣ አያስፈልገውም። ሆኖም ከጥር 19 ቀን 2019 ወዲህ በዳግም ሽያጭ የተገዛ የአሥራ አራቱ ቀደምት ማረፊያዎች ነጥብ በሪቪየራና ከእርሱ በኋላ በሚከፈቱ ማረፊያዎች እንዳያገለግል ተወስኗል። ስለዚህ ነጥብ ራሱ እንኳ በማን እጅ እንዳለ የሚለይ መብት ሆኗል።

4. የወጪ ስሌት

የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማብራራት የታሰቡ ግምቶች እንጂ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም። ሁለት ተመሳሳይ ሳምንታት ይታሰቡ፤ የሁለቱም ዓመታዊ ክፍያ 1,400 ዶላር፣ የስም ማዛወሪያቸው 600 ዶላር ነው። «ሀ» በ2,000 ዶላር ይሸጣል፤ ወደ ነጥብ አይለወጥም። «ለ» በ5,000 ዶላር ይሸጣል፤ በየዓመቱ ወደ 2,800 ነጥብ ይለወጣል።

በአሥር ዓመት «ሀ» በጠቅላላው 16,600 ዶላር ያስወጣል። ከዚህ ውስጥ 14,000 ዶላሩ፣ ማለትም ከመቶ 84 ያህሉ፣ የጥገና ክፍያ ሲሆን የግዢው ዋጋ ከመቶ 12 ብቻ ነው። «ለ» 19,600 ዶላር ያስወጣል፤ በአሥር ዓመት 28,000 ነጥብ ስለሚያስገኝ የአንድ ነጥብ ወጪ 0.70 ዶላር ይሆናል።

የ«ሀ» ባለቤት ዘግይቶ ወደ ነጥብ ለመግባት ቢፈልግና ኩባንያው 1,000 አዲስ ነጥብ እያንዳንዱን በ15 ዶላር እንዲገዛ ቢጠይቀው፣ 15,000 ዶላር ይከፍላል። ለአዲሶቹ ነጥቦች በየዓመቱ 700 ዶላር ቢጨመርበት የአሥር ዓመቱ ድምር 38,600 ዶላር ይደርሳል። የሚያገኘው 38,000 ነጥብ ስለሆነ የአንዱ ነጥብ ወጪ ከ1 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። በ3,000 ዶላር ርካሽ የነበረው ሳምንት በነጥብ ሲለካ ውዱ ሆኗል። በአንጻሩ በዚያው ቦታና በዚያው ሳምንት ለማረፍ ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ «ሀ» የተሻለ ነው።

ስሌቱ የጥገና ክፍያው እንደማይጨምር ወስዷል፤ በተግባር ግን ክፍያው በየጊዜው ከፍ ይላል። እንዲሁም ለሳምንቱ የሚሰጠው ነጥብ ባለበት ቆሞ ለማረፊያ የሚጠየቀው ነጥብ ሊጨምር ይችላል። የሳምንቱ ባለቤት ግን ሳምንቱን ራሱን ከመረጠ ከዚህ ለውጥ የተጠበቀ ነው።

5. የሕግ ጥበቃ

በፍሎሪዳ ሕግ ምዕራፍ 721 መሠረት ከአልሚው የገዛ ሰው በ10 ቀናት ውስጥ ውሉን የመሰረዝ መብት አለው። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2008/122 ደግሞ የ14 ቀናት ጊዜ ይሰጣል፤ በዳግም ሽያጭ የሚያገናኙ ደላሎችም ሽያጩ ሳይፈጸም ቅድመ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። እነዚህ ድንጋጌዎች ገዢውን ከችኮላ ይጠብቁታል፤ የነጥብ መብት የሌለውን ሳምንት ግን የነጥብ መብት አይሰጡትም።

6. ማጠቃለያ

ከትንተናው እንደሚታየው የዳግም ሽያጭ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ፦ ሳምንቱ መቼና ከማን እንደተገዛ፣ የነጥብ አባልነቱ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ዕዳ መኖር አለመኖሩ፣ የኩባንያው የቀዳሚነት መብት፣ እንዲሁም የዓመታዊው ክፍያ ልክ። ማረጋገጫው ከሻጩ ወይም ከደላላው ቃል ሳይሆን ከኩባንያው በጽሑፍ ሊገኝ ይገባል። ሳምንቱ ወደ ነጥብ የማይለወጥ ከሆነም ገዢው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ ያንኑ ሳምንት በየዓመቱ ለመጠቀም ፈቃደኛ መሆኑን ነው። መልሱ አሉታዊ ከሆነ በነጻ የተሰጠ ሳምንት እንኳ ውድ ነው።