የበላችውን የምትመልስ እባብ

ሰው፥ ላምና ዶሮ ሙቀታቸውን ከሚበሉት ምግብ ያገኛሉ፤ እባብ ግን ሙቀቱን የሚበደረው ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ነው። ይህን ሁላችንም በባዮሎጂ ክፍል ተምረነዋል። ከዚህ የሚከተለውን ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው፤ ይኸውም እባብ የዋጠውን አይጥ የሚፈጨው በዚሁ በተበደረው ሙቀት ስለ ሆነ፥ ሙቀት ሲያጣ ምግቡ በሆዱ ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል፤ እባቡም መልሶ ያወጣዋል።

አዳማ በስምጥ ሸለቆ ስለምትገኝ ሁልጊዜ ሞቃት ናት እንላለን። ይሁን እንጂ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ባለፈው ኅዳር በሰፈራችን አንድ ሰው ከወንጂ የአገዳ ማሳ ዳር ቆስላ አግኝቶ በመስተዋት ሣጥን ያስታምማት የነበረች፥ መርዝ የሌላት ቡናማ የቤት እባብ ሁለት ጊዜ ተከታትላ የዋጠችውን መለሰች። (የዱር እንስሳን ይዞ ለማኖር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እርሱም ሲሽራት ሊለቃት ነበር።) መካሪ በዛ። አንዱ ወተት ስጧት አለ፤ ወተት ግን የእባብ ምግብ አይደለም። ሌላው «ራባት» ብሎ ወዲያው ሌላ አይጥ አመጣ። እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ርኅራኄ ነው። የሚመለሰው ምግብ የጨጓራን አሲድ ይዞ ስለሚወጣ ጉሮሮን ያቆስላል፤ ከሰውነትም ውሃ ያጐድላል። በዚህ ላይ ሌላ ምግብ ሲጨመር እንደገና ይመለሳል፤ እባቧም እየከሳች ትሞታለች።

ስለዚህ ከመምህራችን ጋር ሆነን የመከርነው እንዳትበላ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ንጹሕ ውሃ ብቻ ይቀመጥላት፤ እጅም አይንካት። እባብ ለሳምንታት ሳይበላ መቆየት ይችላልና ባለቤቱ አይሸበር። የሣጥኑ አንዱ ወገን ከውጭ በተሰቀለ አምፑል ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ይሙቅ፤ ሌላው ቀዝቀዝ ይበል፤ የሚስማማትን እርሷው ተስባ ትመርጣለች። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ አገለገለን። በሦስተኛው ሳምንት ከወትሮው ግማሽ የሚያህል፥ ከወገቧ የማይወፍር አይጥ ተሰጣት፤ በሆዷም ቀረ።

እባብ ከዋጠ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት አይነሣ። ምግብ መፍጨት ለእባብ ከባድ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት የአንድ የእስያ ዘንዶ ዝርያ ልብ ከምግብ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ በ40 በመቶ አድጎ ተገኝቷል! በዱርም ዘንዶ በልቶ ሳለ ቢባረር ሆዱ ከብዶት ማምለጥ ስለማይሆንለት የዋጠውን ተፍቶ ይሸሻል። እንግዳ በመጣ ቍጥር እየተነሣች የምትታይ እባብም ከዚህ የተለየ ስሜት አይኖራትም።

ሙቀትና ዕረፍት አግኝታ ደግሞ ብትመልስ ነገሩ ሌላ ነው። የሆድ ትል፥ ወይም በዓይን የማይታየው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተሕዋሲ ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ምልክቱ የወገብ አካባቢ ማበጥ ነው። በሰገራ ወደ ሌሎች እባቦች ስለሚተላለፍ የታመመችው ለብቻ ትቀመጥ፤ የነካትም እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ትኩስ ሰገራዋም ሳይደርቅ በንጹሕ ብልቃጥ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።