በጉዞ መኪና ላይ የሶላር ፓኔል ስለ ማስገጠም

መኝታና ማድቤት ያለው የጉዞ መኪና ከከተማ ርቆ በሚያድርበት ጊዜ ለመብራት፣ ለምግብ ማቀዝቀዣና ለስልክ የሚሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልገዋል። ይህንን ኃይል ሞተር እያስነሡ ወይም ጄኔሬተር እያሠሩ ማግኘት ነዳጅ ይፈጃል፤ የእንግዶቹንም እንቅልፍ ይነሣል። ስለዚህ እንግዶችን ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ ወደ ዳናክልና ወደ ባሌ ተራሮች የሚወስድ አስጐብኚ ድርጅት በመኪናው ጣራ ላይ ሶላር ለማስገጠም ቢያስብ አሳቡ የሚደገፍ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ገዢ ሥራውን የሚጀምረው «ጣራው ስንት ፓኔል ይይዛል?» በማለት ነው። ይህ አጀማመር ገንዘብ ያስከስራል። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «መኪናው በአንድ ቀንና ሌሊት ምን ያህል ኃይል ይፈጃል?» የሚለው ጥያቄ ነው። የፓኔሉም፣ የባትሪውም፣ የሽቦውም ልክ የሚገኘው ከዚህ መልስ ነው።

1ኛ/ ፍጆታን ስለ መቍጠር። የአንድ ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ የሚገኘው ቍጥር ዋት ሰዓት ይባላል። ለምሳሌ 40 ዋት የሚስብ ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ በቀንና በሌሊት በድምሩ 12 ሰዓት ቢሠራ 480 ዋት ሰዓት ይፈጃል። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ 4 አምፖሎች 4 ሰዓት ቢበሩ 80፤ ባለ 20 ዋት ማራገቢያ 6 ሰዓት ቢዞር 120፤ ባለ 40 ዋት የውሃ ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 20 ይሆናል። ለስልክና ለኮምፒዩተር 100 ቢታሰብ የቀኑ ድምር 800 ዋት ሰዓት ነው።

2ኛ/ ስለ ፓኔሉ ልክ። በፓኔል ጀርባ የተጻፈው ዋት በፋብሪካ ውስጥ፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት በሆነ ብርሃንና ፓኔሉ በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሳለ የተለካ ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ በሚለው በዳናክል በረሃ ግን ፓኔሉ እስከ 65 ዲግሪ ሊግል ይችላል። በየአንዱ ዲግሪ ጭማሪ ከመቶ 0.35 ያህል ቢቀነስ በሙቀት ብቻ ከመቶ 14 እጅ ይጠፋል። አቧራውና በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሲታከልበት ከመቶ 30 ለኪሳራ መያዝ ይገባል። በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ቢገኝ፣ 800 ዋት ሰዓት ለማግኘት 230 ዋት ገደማ ፓኔል ያሻል፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 150 ዋት ፓኔሎች ይበቃሉ። በክረምት ደመና ፀሐዩ ወደ 3 ሰዓት ቢወርድ እነዚሁ ፓኔሎች የሚሰጡት 630 ብቻ ነው፤ የጐደለውን የሚሸፍነው ባትሪው ነው።

3ኛ/ ስለ ባትሪ። ፀሐይ ለሌለባቸው ሁለት ቀኖች 1600 ዋት ሰዓት መቀመጥ አለበት፤ ይኸውም በ12 ቮልት 133 አምፔር ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 270 አምፔር ሰዓት ያህል መግዛት ያስፈልጋል። ከመቶ 80 እጁን ለሚሰጥ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ግን 170 ያህል ይበቃል። ሆኖም የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ኃይል ሊሞላ አይገባውም። ከ4000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን፣ ባትሪው በመኪናው ውስጥ እንዲቀመጥና በብርድ ጊዜ መሙላትን የሚያቋርጥ መከላከያ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ሞተር የሚያስነሣው ባትሪ ከዚህኛው የተለየ መሆን አለበት። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ ሲነጋ መኪናው አልነሣ ብሎት ከእንግዶቹ ጋር በበረሃ ሊቀር ይችላል።

4ኛ/ ስለ አገጣጠም። የፓኔሉ ሕዋሶች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ በጥቂቶቹ ላይ የሚያርፍ ጥላ ብዙ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ በፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን ሻንጣና ስኮርታ ጎማ ጥላውን እንዳይጥልበት ቦታው ይለይ። ከፓኔሉ ሥር አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት ይተው፤ የተበሳው የጣራ ቀዳዳም ዝናብ እንዳያስገባ በሚገባ ይደፈን። በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚገባው ቻርጅ ኮንትሮለር፣ 300 ዋት ለ12 ሲካፈል 25 አምፔር ስለሆነ፣ ባለ 30 አምፔር ይሁን። ሲገጠም በመጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ ከኮንትሮለሩ ጋር ይያያዛል፤ ሲፈታ ግን ፓኔሉ ይቀድማል።

አደጋ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሽቦ ነው። 1000 ዋት የውሃ ማፍያ በኢንቨርተር ቢሠራ ከባትሪው ከ83 አምፔር በላይ ይስባል። ይህን ያህል ኃይል የማይሸከም ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ መኪናውንም ያቃጥላል። ስለዚህ ሽቦው እንደ ጭነቱ መወፈር፣ ሽቦው ከሚችለው መጠን የማይበልጥ ፊውዝም ከባትሪው የፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ መግባት አለበት። ፊውዝ ለመቈጠብ ሲባል መኪና ማጣት ንግድ አይደለም።

5ኛ/ ስለ ውል። ገዢው የቀን ፍጆታውን በጽሑፍ ለሻጩ ይስጥ፤ ሻጩም የፓኔሉን፣ የባትሪውንና የኮንትሮለሩን ልክ፣ የሽቦውን ውፍረት፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋስትናና ገጣጣሚው የሚጠየቅበትን ጊዜ በደረሰኙ ላይ ያስፍር። መኪናው ረጅም ጉዞ ከመውጣቱ በፊት ዕቃዎቹ ሁሉ እየሠሩ ሁለት ሌሊት በከተማ አድሮ ይፈተን።

በዚህ ዐይነት የሚሠራ አስመጪና ባለጋራዥ ለጊዜው ጥቂት ፓኔል ቢሸጥም የደንበኛውን እምነት ያተርፋል። ብዙ ፓኔል በቀጭን ሽቦ ገጥሞ የሚሰድ ግን ትርፉን የሚያጣው በመጀመሪያው ቃጠሎ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ሥራም ይስማማል።