ሴንሰሩ ጥፋተኛ ነውን?

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሞተሩ መብራት ሲበራ ብዙዎቻችን «የኦክስጅን ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ይለወጥ» እንላለን። እኛም በወርክሾፕ ልምምዳችን ያልነው ይኼንኑ ነበር። የኮምፒዩተሩ ኮድ «ነዳጅ አንሷል» ስላለን ሴንሰሩን በአዲስ ተካነው። መብራቱ ግን ተመልሶ በራ! ገንዘቡም እንዲያው ባከነ። ስሕተታችን ምን ላይ ነበር?

ሴንሰሩ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር ያነጻጽራል። የተለመደው የዚርኮኒያ ዓይነት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ፣ ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይሰጣል። ደህና ከሆነ በሁለቱ መካከል ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። የኛው ግን ዝቅ እንዳለ ቀረ።

አሠልጣኛችን አሮጌውን መልሰን እንድንገጥም አዘዙን። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቤንዚን በድንገት ሲሰጠው ቮልቱ ዘለለ። ለካስ አሮጌውም ደህና ኖሯል! ቀጥለን ስንፈትሽ የጭስ ማውጫው ከሞተሩ በሚጋጠምበት ጓርኒሲዮን ዙሪያ ጥቀርሻ አየን። በዚያ ቀዳዳ የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩም ያገኘውን ኦክስጅን ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ አምኖት ነዳጅ ይጨምራል። በዚህም ቤንዚን ይባክናል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅም ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከልክ በላይ አግሎ ያበላሸዋል።

ስለዚህ ኮድ የሕመሙ ምልክት እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። ነገ ስናስተምር ተማሪዎቻችንን ከመፍቻው በፊት መለኪያውን እናስጨብጣቸው።