ሙሉ የቴምብር ሉህ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣልን?

ቴምብር ከማተሚያ ቤት የሚወጣው በነጠላ ሳይሆን 50 ወይም 100 ሆኖ በአንድ ወረቀት ላይ እንደተያያዘ ነው። ይህን ሉህ ሳይቀድ የሚያስቀምጥ ሰው ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሌላው እየቀደደ ደብዳቤ ላይ ሲለጥፍ በገበያ የሚቀረው ያንሳል፣ ዋጋውም ይወጣል። በርበሬ መጋዘን አስገብቶ ክረምትን የሚጠብቅ ነጋዴ ስሌትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሠራው ሌላው ሰው በእርግጥ ሲቀድ ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የአሜሪካ ገበያ ነው። በ1940ዎቹ (ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በርካታ አሜሪካውያን ወደፊት ይከብራል በሚል ተስፋ ከፖስታ ቤት መስኮት ሙሉ ሉህ እየገዙ በመሳቢያ አከማችተዋል። በ1945 የወጣው ባለ 3 ሳንቲም የኢዎ ጂማ ቴምብር ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። 50 ቴምብር የያዘው ሉህ ዋጋው 1.50 ዶላር ሲሆን፣ በጊዜው 50 ደብዳቤ ያስልክ ነበር። ፖስታ ቤቱ የድሮ ቴምብሮቹን አሁንም ስለሚቀበል ሉሁ አልሞተም። ነገር ግን በጁላይ 2025 የአንድ ደብዳቤ ታሪፍ 78 ሳንቲም ሲገባ፣ ለአንድ ፖስታ 26 እንዲህ ያሉ ቴምብሮች መለጠፍ ግድ ሆነ። ሙሉው ሉህ ሁለት ደብዳቤ እንኳ አያደርስም ማለት ነው። የቴምብር ነጋዴዎች ይህን መሰል ሉህ ሲገዙ ብዙውን ጊዜ በላዩ ከተጻፈው ዋጋ ቀንሰው ነው፤ ያከማቸው ሰው ስለበዛ እጥረቱ አልመጣምና።

በአንፃሩ በሜይ 1918 በዋሽንግተን አንድ ደንበኛ በ24 ዶላር የገዛው ባለ 100 ሉህ፣ የአውሮፕላኑ ሥዕል ተገልብጦ የታተመበት ነበር። ሉሁን በጥቂት ቀናት ውስጥ በ15,000 ዶላር ሸጠው። ቀጥሎ ደግሞ ኮሎኔል ግሪን ለተባሉ ባለጸጋ በ20,000 ዶላር ተሸጠ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሉሁ ሙሉ ሆኖ አለመቆየቱ ነው። ግሪን ከፋፍለው ሸጡት። መቶውን በአንድ ጊዜ የሚችል ገዢ ጥቂት ነው፤ አንዷን የሚፈልግ ግን ብዙ። በ2023 ከእነዚያ መካከል አንዷ ብቻዋን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች።

የስህተት ሉህ ያገኘ ሁሉ ግን አይቀናውም። በ1962 ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ በወጣው ባለ 4 ሳንቲም ቴምብር ላይ ቢጫው ቀለም ተገልብጦ የታተመበት ባለ 50 ሉህ አንድ የኒው ጀርሲ የጌጣጌጥ ነጋዴ እጅ ገባ። የፖስታ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ዴይ ወሬውን ሲሰሙ ስህተቱ ሆን ተብሎ በሚሊዮኖች እንዲታተም አዘዙ። ሰውየው ፍርድ ቤት ቢሄድም ዘግይቶ ነበር፤ ብርቅ የነበረው ሉህ የማንም ሆነ። የዕቃው ብቸኛ አቅራቢ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት የሚችል ከሆነ፣ የያዘው ሰው ትርፍ በአቅራቢው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ሉህ ይያዛል? ጥቂት የታተመና በዘመኑ አብዛኛው ለደብዳቤ ያለቀ፣ ጠርዙ ላይ ያለው የማተሚያ ቁጥር ያልተቆረጠ፣ የጀርባው ሙጫ ያልተነካ። እርጥበት ሙጫውን አጣብቆ አንድን ሉህ በአንድ ክረምት ዋጋ ቢስ ያደርገዋል።

የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ2007 ዋጋ ያልተጻፈበት፣ ታሪፍ ቢጨምርም ለአንድ ደብዳቤ ሁልጊዜ የሚያገለግል ቴምብር አውጥቷል። ያኔ በ41 ሳንቲም ሒሳብ 20ውን በ8.20 ዶላር የገዛ፣ በ2025ቱ ታሪፍ 15.60 ዶላር የሚያወጣ አገልግሎት በእጁ አለ። በ18 ዓመት ሲሰላ በዓመት 3.6 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህም ለራሱ ደብዳቤ ከተጠቀመበት ነው። ለነጋዴ ልሽጥ ካለ ቅናሹ ከዚያ ላይ ይነሳል።